ግድግዳዬን የበላው ጡሩምባ ነፊ

ግድግዳዬን አይጥ ፈጀው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ካወራሁ በኋላ ነው በላተኛው ጋሽ የኔሰው መሆኑን የደረስኩበት። አይጥ አይደለም፣ ሰው ነው። ያውም የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ያውም በየጊዜው ደም የሚለግስ፣ ያውም ሲያልፍ ከመቀመጫችን ብድግ የምንልለት ሰው። አሁን ይሄ ይወራል? አይወራም ነበር፤ ግን ሰፈሩ አጣሞ ከሚያወራው እኔ አስተካክዬ ባወራው ይሻላል።

ዘመነች እባላለሁ። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ቅያስ፣ ከእነ ጋሽ የኔሰው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ነው የምንኖረው። የእነሱ ቤት ብሎኬት ሆኗል። የእኔ አሁንም ጭቃ ነው፣ ጭድ ገብቶበት የተመረገ፣ ያማረ ጭቃ። እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በጾም ሥጋ ስጠብስ መስኮቴን እዘጋላቸዋለሁ፤ ድምፄን ለቅቄ ስዘምር ደግሞ እነሱ የራሳቸውን ይዘጋሉ። እንዲህ ተቻችለን ነው የኖርነው።

ጋሽ የኔሰው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይውላል። ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ሹፌሮቹ «ኮምፕሬሰሩ ሲበላሽ በአፉ ነው የሚነፋው» እያሉ ይቀልዱበታል። የዕድሩን ጡሩምባ የተረከበውም በዚሁ ደረቱ ነው። የቀድሞው ጡሩምባ ነፊ የሞተ ጊዜ የሚለፍፍለት ሰው ጠፋ፤ ራሱን በራሱ አይለፍፍ ነገር። ሁሉም ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ ጋሽ የኔሰው ጡሩምባውን አንስቶ አንዴ ቢነፋው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰማ። ሰፈሩ ያን የማያውቀውን አነፋፍ ሲሰማ ወዲያው «ውይ፣ ጡሩምባ ነፊው ሞተ ማለት ነው» አለ። የሟች ስም መጥራት እንኳ አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባው የጋሽ የኔሰው ሆነ።

ደም መስጠቱ ደግሞ የመጣው በሚስቱ በእሙ ነው። እሙ ልጃቸውን ሳምሪን ስትወልድ ደም ፈሰሳት፣ ለሞት ደረሰች፤ ሐኪሞቹ የሆነ የማይታወቅ ሰው የለገሰውን ደም ሰጥተዋት ነው የተረፈችው። ጋሽ የኔሰው «ማን ነው የሰጣት? ስሙን ንገሩኝና እግሩን ልሳም» ብሎ ቢለምን «አይነገርም» አሉት። ይሄ ነገር ሰውዬውን ለወጠው። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ ያስባል። ታክሲ ውስጥ እግሩን ሲረግጡት «ማን ያውቃል፣ እሱ ይሆናል» ብሎ ዝም። ወያላ ሲያመናጭቀው «ማን ያውቃል» ብሎ ዝም። አንዴ ስልኩን የመነተፈውን ልጅ ሰዎች ይዘው ቢያመጡለት «ተዉት፣ ማን ያውቃል» ብሎ አስለቀቀው። ሳምሪ ስትወለድ ልጁ ራሱ አልተወለደም ነበር እኮ። ይሄን ብነግረው «አባቱ ይሆናላ» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል?

እና ያን ሰው ማግኘት ሲያቅተው ደም መስጠት ጀመረ። ቀኑ ገና ደረሰ ሲባል አየር ጤና የሚተከለው የደም ልገሳ ድንኳን ውስጥ ተገኝቷል። ቤታቸው «ደም ለጋሽ ነኝ» የሚል ካናቴራ ሞልቶ ከመብዛቱ የተነሳ እሙ በአንዱ ወለል ትወለውላለች። በዚያ ላይ ጾሙን አያጎድልም፣ ሻይም አያጎድልም። ሽሮውን ገና ዋጥ ሳያደርግ በላዩ ሻይ ይለቅበታል። እኔ የሰው ሆድ አይመለከተኝም ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ነገሩ ለካ እኔንም ይመለከት ኖሯል።

በእኛ ዕድር ደንብ አለ። ለለቅሶ የሚነፋው አንድ ረዥም ጡሩምባ ነው፣ ሳይቆረጥ። ለቦይ ጠረጋና ለጽዳት ዘመቻ ደግሞ አጭር አጭር፣ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነው። ይሄን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ አባባ ገሜዳ ያረፉ ጊዜ ጋሽ የኔሰው በጠዋት ወጥቶ ረዥሙን ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ትንፋሹ ተቆረጠ። አረፍ ብሎ ደግሞ ነፋ፣ አሁንም ተቆረጠ። ደግሞ ነፋ። ከዚያ የሟቹን ስምና «አርፈዋል» የሚለውን መናገር ሲገባው ትንፋሽ ስላልተረፈው «የአባባ ገሜዳ ቤት» ብሎ ግድግዳ ተደገፈ።

ሰፈሩ ምን ያድርግ? አካፋውን ይዞ ወጣ። ዶማ የያዘ አለ፣ ቦቲ ያጠለቀ አለ፣ እኔ ራሴ መጥረጊያዬን ይዤ ነው የሄድኩት። የአባባ ገሜዳ ልጅ ሐዘንተኛ ሆኖ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሰፈርተኛው በሙሉ አካፋ ተሸክሞ ሲግተለተል አየ። ዕንባው ቀጥ አለ። «ቀብሩ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህ አይደለም የሚቆፈረው» አለን። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ነገሩ ሳይገባት «ቦዩ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። አፈርን። አካፋችንን አጥር ሥር ደብቀን፣ ቦቲ ያደረጉት በቦቲያቸው፣ ገብተን አለቀስን።

ይሄን ጊዜ አቶ ነገሬ ምክንያት አገኙ። አቶ ነገሬ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ አዲስ ዕቃ ሲያዩ ግን ልባቸው ይጠፋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከጋቢያቸው ሥር ሜጋፎን አወጡ። «ጋሽ የኔሰው አገልግለሃል፣ እግዜር ይስጥህ። ትንፋሽህ ግን አልሆነም። የሚቀጥለውን ለቅሶ በዚህ እንሞክረዋለን፤ ደህና ከሆነ ጡሩምባውን ትመልሳለህ» አሉት።

ጋሽ የኔሰው ወደ ቤት ስንመለስ ቅያሱ ጋ ቆመና «ዘመነች፣ ጡሩምባውን ከወሰዱብኝ እኔ ምንድን ነኝ?» አለኝ። «ጎሚስታ ነሃ» አልኩት። «ጎሚስታማ አየር ጤና ሞልቷል። ሰው ሲሞት ይሄ ሰፈር የሚፈልገኝ እኔን ነው» አለ። አንጀቴን በላው፣ እውነቴን ነው። «ደሙ ከብዶኝ ይሆናል» አለኝ ቀጥሎ፤ «ቀኔ ስለደረሰ ሄጄ ልስጥና ቀለል ይለኛል፤ ከዚያ ነፍቼ አሳያቸዋለሁ።» እኔም የማላውቀው ነገር ስለሆነ «ይሁንልህ» ብዬ ገባሁ።

እንግዲህ ወደ ግድግዳዬ እንምጣ። ክረምቱ ሲገባ ከጓሮ በኩል ያለው ግድግዳዬ መቦርቦር ጀመረ። መጀመሪያ ጣት የሚያስገባ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ክንድ የሚያስገባ ሆነ። የሚገርመው መሬት ላይ የረገፈ አፈር አለመኖሩ ነው። «ይሄማ ጉደኛ አይጥ ነው፣ ጠርጎ ነው የሚሄደው» አልኩ። ድመት ተዋስኩ፤ ድመቷ ጋሽ የኔሰውን ስታይ እግሩ ላይ እየተሻሸች ዝም። በመጨረሻ አየር ጤና ሄጄ ጠንካራውን የሽቦ ወጥመድ ገዛሁና ቀዳዳው ውስጥ አጠመድኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና አባራ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ከጓሮ ወጥመዱ «ጧ» ሲል ሰማሁ፣ ተከትሎ «ወይኔ እናቴ» የሚል ጎርናና ድምፅ ሰማሁ። አይጥ እናቱን አይጠራም። ቢላዬን እንደያዝኩ ስወጣ ጋሽ የኔሰው ቆሟል፤ ወጥመዱ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጉንጩ ተወጥሯል፣ ጢሙ ላይ ጭድ አለ።

«ጋሽ የኔሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

አፉ ሙሉ ስለሆነ ወዲያው አልመለሰልኝም። መጀመሪያ ዋጠ። ዓይኔ እያየ ግድግዳዬን ዋጠው።

«ዝናብ ሲነካው ይሸተኛል፣ ዘመነች» አለኝ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አቀርቅሮ። «የዶሮ ወጥ ሽታ እንኳ እንዲህ አያደርገኝም። ልለፍ እላለሁ፣ እግሬ እንቢ ይለኛል።»

«እና የራስህን ግድግዳ ለምን አትበላም?»

«የእኔ ብሎኬት ነው» አለኝ።

እንዳልናደድ ሰውዬው ያሳዝናል፣ እንዳልስቅ ግድግዳው የኔ ነው። ወጥመዱን ፈልቅቄ ጣቱን በጨርቅ ጠቀለልኩለት። እሙ ስትጠይቀው ጎማ ነው የቆነጠጠኝ አላት። እኔ ግን አልተውኩትም። «ነገ ደም ልትሰጥ አይደል የምትሄደው? አብሬህ እሄዳለሁ። አንተ ላይ ያለውን ነገር ለሐኪም ካልተናገርኩ ዘመነች አይደለሁም» አልኩት። ሊከራከረኝ ፈለገ፣ ሆኖም የሰው ግድግዳ በልቶ መከራከር አይመችም።

በማግስቱ ወጥመዱን በፌስታል ይዤ፣ ማስረጃ ነው ብዬ፣ አየር ጤና ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ሲስተር ውዳሴ የምትባል ፊቷ ፈገግታ የማይለየው ነርስ ናት የምትቀበለው፤ የቆየ ደንበኛዋ ነው። «የትኛውን ጣት ልውጋ፣ ጋሼ?» አለችው። «ከተጠቀለለው ሌላ የፈለግሽውን» አላት። ጠብታዋን ወስዳ በመሣሪያዋ አየችና «ሄሞግሎቢንዎ አልፏል፣ በጭንቅ ነው ግን» አለችው። ጋሽ የኔሰው ዞር ብሎ አየኝ፣ ልክ ክስ እንዳሸነፈ ሰው። እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

«ቆይ ሲስተር» አልኩና ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ሰውዬ ግድግዳዬን በልቶብኛል።»

እሷ ሳቅ የሚቀናት ሰው ናት፤ ይሄን ስትሰማ ግን ፈገግታዋን ሰበሰበችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በእውነት ይበላሉ?» አለችው።

«አልበላሁም፣ ቀመስ ነው ያደረግኩት» አላት።

«ሲስተር፣ ክንድ ያስገባል» አልኳት። ክንዴን ዘርግቼም አሳየኋት።

ከዚያ ጥያቄውን አዥጎደጎደችው። ዳገት ሲወጡ ይደክምዎታል? አዎ። ትንፋሽ ያጥርዎታል? እኔ አዎ አልኩለት። ሲተኙ እግርዎ አላስተኛ ይላል? «እሱን እሙ ናት የምታውቀው፣ ትራገጣለህ ትለኛለች።» ሻይ ይወዳሉ? ይሄኔ ሁለታችንም ሳቅን።

ሲስተር ውዳሴ እጅጌውን መልሳ አወረደችለት። «ጋሼ፣ በጣት የማየው ድስቱ ውስጥ ያለውን ነው» አለችው። «ድስቱ ውስጥ ገና ወጥ አለ። የሽሮ ቆርቆሮው ግን ሳይራቆት አይቀርም። ሰውነት ብረት ያከማቻል፤ ደም በሰጡ ቁጥር ከክምችቱ ይወጣል። ቆርቆሮው ካለቀ በኋላም ድስቱ ለጥቂት ጊዜ ሙሉ ይመስላል። ብረት ያነሰው ሰው አፈር ያምረዋል፣ በረዶ የሚያምረውም አለ፣ ጥሬ ሩዝ የሚቆረጥምም አለ። አብዛኛው ሰው አፍሮ ይደብቀዋልና እስኪወድቅ አናውቅበትም።» ወደ እኔ ዞር ብላ «እርስዎ ባይከሷቸው ኖሮ ዛሬም ደም ወስጄባቸው ነበር፤ ይባርክዎ። ስለ ግድግዳዎ አዝናለሁ» አለችኝ። ኮራሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

«እኔ እኮ ቀይ ጤፍ ነው የምበላው፣ ብረት ሞልቶታል» ብሎ ተከራከረ።

«ጤፉ ላይ አለ። ሻዩ ነው በሩ ላይ ቆሞ አላስገባ የሚለው» አለችው። ለክምችቱ ምርመራ የሚሆን ትንሽ ደም ቀዳችለትና ሐሙስ መጥቶ ውጤቱን እንዲወስድ፣ እስከዚያ ደም መስጠት የሚባል ነገር እንዳያስብ፣ ሆዱ ውስጥ የሚደማ ነገር ወይ ትል ካለም ሐኪም እንዲያየው ነገረችው። ሻይ ከምግብ ጋር ክልክል ተባለ። ደም አትሰጥም ሲባል ያልደነገጠ ሰውዬ ሻይ ክልክል ነው ሲባል ፊቱ ተለወጠ።

ታክሲ ስንጠብቅ «ለእሙ እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። «ለአቶ ነገሬማ ጭራሽ። በሽተኛ ነው ካሉኝ ጡሩምባው አለቀለት።» ቆይቶ ደግሞ «ደም አልሰጥ፣ ጡሩምባ አልነፋ፣ ታዲያ ሰው ለምን ይፈለጋል?» አለ። እኔ ምስጢር መያዝ አይሆንልኝም፤ ጌታ ምስክሬ ነው፣ ይሄን ግን እስከ ሐሙስ ያዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ የኔሰው ውጤቱን ሊወስድ ሄደ። እሙን ጎማ ሥራ ነው ብሏታል። እሱ በሄደ ትንሽ ቆይቶ የአቶ አምሐ እናት አረፉ። አቶ አምሐ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ነው የሚኖረው፤ እናቱ ዕድሜ የጠገቡ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ነበሩ። አቶ ነገሬም ሜጋፎናቸውን የሚሞክሩበት ቀን ደረሰ።

ያ ሜጋፎን ገና ሲነካ መጀመሪያ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ቀጥሎ የሆነ የልጆች ዘፈን የመሰለ ሙዚቃ አሰማ። ከዚያ ነው የአቶ ነገሬ ድምፅ የመጣው፣ ጥርት ብሎ፣ ስሙንም ቤቱንም በትክክል እየተናገረ። ማን ይስማቸው? ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ወጥቶ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የኔሰው የት ሄዶ ነው ሌላ ሰው የሚለፍፈው?» በዚህ ሰፈር ለለቅሶ ሌላ ሰው ሲለፍፍ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም የሞተው ጡሩምባ ነፊው ራሱ ነበር። ወሬው ከአጥር አጥር ዘለለ። የኔሰው ሞተ።

እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አመንኩት። ምክንያቱም እኔ አውቃለሁ፣ ቆርቆሮው ባዶ ነው። እየሮጥኩ እሙ ጋ ገባሁ። ባኞ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። «እሙዬ፣ የኔሰው?» አልኳት። «ሥራ ነው፣ ስልኩን ብደውል ዝግ ነው፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ትንፋሹን፣ ግድግዳውን፣ ወጥመዱን፣ ሲስተር ውዳሴን፣ የሚያልቀውን ብረት። «ደሙን ሊያሳይ ነው የሄደው፣ እዚያው ቀረ» አልኳት። እሙ በአረፋ እጇ ፊቷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት እንኳንስ የሰው ድምፅ፣ ሜጋፎኑም አይደርስበትም።

የዕድሩ ልጆች ጩኸቱን ሲሰሙ ማንንም ሳይጠይቁ ድንኳኑን አምጥተው እነ እሙ በር ላይ ተከሉት። ግቢው ሞላ። ጎሚስታዎቹ ከነዘይታቸው ከአየር ጤና መጡ። ደግነቱን እያነሱ አለቀሱለት፤ አንዱ እግሩን ረግጦት ዝም እንዳለው፣ ሌላው ሰድቦት ሻይ እንደጋበዘው እየተናገረ። እኔም ደረቴን እየደቃሁ «ምነው ግድግዳዬን ጨርሰህ በልተህ በቆየህልኝ፣ ምነው ወጥመዴን በሰበረው» እያልኩ አነባሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከሐዘን ብዛት የሳተች መስሏቸው ነው።

አቶ ነገሬ በዚህ መሃል ሜጋፎናቸውን አንጠልጥለው እያላባቸው ደረሱ። አቶ አምሐም ተከትሏቸዋል። እሱ ቤት አንድ ሰው አልመጣም፣ ድንኳንም የለም፤ የት ገባ ብለው ነው የመጡት። «የኔሰው ሞተ» የሚለውን ሲሰሙ አቶ ነገሬ ድንኳን መፈለጋቸውን ረሱት። መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጡሩምባውን እወስድብሃለሁ ብዬው ነው» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። አቶ አምሐ ደግሞ የገዛ እናቱን ለቅሶ ትቶ መጥቶ እሳቸውን ያባብላል።

ይሄኔ ጋሽ የኔሰው ከታክሲ ወርዶ ቅያሱን ታጥፎ መጣ። በአንድ እጁ የኪኒን ከረጢት፣ በሌላው ሲስተር ውዳሴ ከኪኒኑ ጋር ውሰድ ያለችውን ሎሚ ይዟል። በሩ ላይ ድንኳን አየ። እሱ በሕይወት እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ የሞተችው እሙ ናት። ሎሚው ሜዳው ላይ ተበተነ። «እሙዬን፣ እሙዬን» እያለ ሰውን እየገፋ ገባ። ሁላችንም ነጠላችንን ፊታችን ላይ ጥለን ስለምናለቅስ ማን እንደሆነ ያየ የለም። አንዱ ጎሚስታ እንዲያውም ክንዱን ይዞ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንንም ነው የጎዳን» አለው።

ከውስጥ እሙ «የኔሰውዬን» ትላለች። ከደጅ እሱ «እሙዬን» ይላል። እየተቀባበሉ ትንሽ እንደቆዩ እሙ ዝም አለች። ነጠላዋን ገለጠች። ተነስታ ወጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

አቀፈችው እንዳልል መጀመሪያ በጥፊ ነው ያጮለችው። ከዚያ አቀፈችው። ከዚያ ደግሞ ልትመታው እጇን አንስታ ተወችው። እሱ አልተከላከለም፤ «አለሽ? አለሽ እንዴ?» ይላል ብቻ፣ ፊቷን ጎማ ባጠቆረው እጁ እየዳበሰ።

አቶ ነገሬ ዕንባቸውን ጠርገው ተነሱ። ሜጋፎኑን ለዕድሩ ልጅ ሰጡና «ይሄን ዕቃ ቤት ቆልፍበት» አሉ። ከዚያ ለጋሽ የኔሰው «ይሄ ሰፈር የሌላ ሰው ድምፅ ሰምቶ ለቅሶ እንደማይደርስ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ጡሩምባው ያንተ ነው። ትንፋሽህ እስኪመለስ እኔው ቤት ለቤት እያንኳኳሁ እጠራለሁ» አሉት። ልጆቹም ድንኳኑን ነቅለው ወደ አቶ አምሐ ቤት መሸከም ጀመሩ። አቶ አምሐ «እናቴ በሕይወት ኖራ ይሄን ብታይ ስቃ ትሞት ነበር» አለና እንደገና አለቀሰ።

ጋሽ የኔሰው ግን አልተደሰተም። ድንኳኑ ተነቅሎ ባዶ በቀረው ደጅ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ። «እሙ» አለ፤ «ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ ነው የተገኘው። ክምችቱ እስኪሞላ ደም መስጠት የለም ተብያለሁ። ወራት ይፈጃል። ያ ሰውዬ አንቺን ሲያድንልኝ እኔ ምን ልሆንለት ነው አሁን?»

እኔ አሁን ምን ትለዋለች ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። እሙ የተበተነውን ሎሚ እየለቀመች ነበር። ቀና አለችና «ያ ሰውዬ ደሙን የሰጠኝ ካንተ ጋር እንድኖር ነው» አለችው። «ቀብሬህ እንድመለስ አይደለም። ዛሬ ቀብሬህ ነበር እኮ፣ የኔሰው።»

እሱ የኪኒን ከረጢቱን ከፈተ። አንዷ ጎረቤት ከልማዷ ሻይ ቀድታ ብታመጣለት በእጁ መለሳትና ውሃ ጠየቀ፤ እሙ ሎሚ ጨምቃ አቀበለችው። አጠገቡ ቆማ እያየችው ዋጠ።